ጨውና አቼቶ ቀለም አያስይዙም

እህቴ የደወለችው እሁድ ጠዋት ነው። ሰላምታ እንኳ አልቀደመም።

«ያ የሰጠሽኝ የጠረጴዛ ልብስ ቀይ ሆነብኝ።»

«ምን ደፋሽበት?»

«ምንም! ዘይት ነክቶት በሳሙና አሸሁት።»

ፎቶ ላከችልኝ። መሃሉ የዛገ ቆርቆሮ መስሏል። ዳር ዳሩ እንደነበረው ደማቅ ቢጫ ነው።

በዚያ ጨርቅ ስኮራ ነው የከረምኩት። እርዱን ራሴ ተክዬ፣ ዘጠኝ ወር ጠብቄ፣ ቆፍሬ፣ ከትፌ፣ ቀቅዬ ነው ያቀለምኩት። ግማሹ ወደ ምግብ፣ ግማሹ ወደ ቀለም ገባ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ከአንድ ማሰሮ ምግብም ቀለምም!» ስል ነበር። እህቴ ስትደውል ምን ብዬ እንደምመልስላት እንኳ አላወቅኩም።

ስለ ተከላው ብዙ አላወራም፤ እሱ ቀላሉ ነው። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ይኑረው። የድንብላል ዘር እዚያው በሚበቅልበት ይዘራ፤ መዛወር አይወድም። በሶብላን ከጫፉ ስትቀጥፉት ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል። የጥብስ ቅጠልን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ጥማት ሳይሆን ውሃ የሚያበዛ ሰው ነው። እርድ ቡቃያ ያለው ሥሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል፤ ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እስኪተኛ ከ8 እስከ 10 ወር መጠበቅ ነው። አለቀ።

መከራዬ የጀመረው ከጨርቁ ጋር ነው።

መጀመሪያ ላይ ግማሽ ቀን የፈጀ የተክል ቀለም ስልጠና ወስጄ ነበር። ስንወጣ አንድ ገጽ መመሪያ ታደለን። ዋናው ነገር ሦስት መስመር ነበር፦ ጨርቁን እጠቡ። ተክሉን ቀቅሉና ጨርቁን ንከሩ። ቀለሙ እንዳይለቅ ጨውና አቼቶ ጨምሩ። ከሦስቱ መስመሮች መጀመሪያውና መጨረሻው ናቸው ጉድ የሠሩኝ። ወረቀቱን እስካሁን አልጣልኩትም። አንዳንዴ አውጥቼ አየውና እንደገና እናደዳለሁ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ቀይ ሥር ነበር። ድስቱን ብታዩት! እንደዚያ ያለ ቀለም በሕይወቴ አላየሁም። አንድ ነጭ የጥጥ አንሶላ ነከርኩበት፣ እንደተነገረኝ ጨውና አቼቶ ጨመርኩ፣ ሌሊቱን አሳደርኩት። ጠዋት ሳለቀልቀው ውሃው ሮዝ ሆነ። ሁለተኛ ሳለቀልቀው አሁንም ሮዝ። በአራተኛው ውሃው ጠራ፣ አንሶላውም አብሮ ጠራ። የቀረው ቀለም አሮጌ ክሬም የሚመስል ነገር ነው።

ለአሠልጣኙ ደወልኩ። «ጨው አንሶበት ይሆናል» አለኝ። ጨው እጥፍ አደረግኩ። ያው። እንደገና ስደውል «አቼቶውንም ጨምሪበት» ተባልኩ። ጨመርኩ። ቤቱ ለሦስት ቀን ኮምጣጣ ሸተተ፣ አንሶላው ግን ያው ክሬም ነው። ያን ጊዜ የእኔ እጅ ነው ጥፋተኛው ብዬ አምኜ ነበር። አሁን ሳስበው በዚህ ነው ይበልጥ የምበግነው። ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

እውነቱ ይኼ ነው። ጨው ጥጥን በፋብሪካ ቀለም ሲያቀልሙ ይረዳል። አቼቶ ደግሞ ሱፍን «አሲድ ቀለም» በሚባሉት የፋብሪካ ቀለሞች ሲያቀልሙ ይሠራል። አንድ ሰው ሁለቱን ከዚያ አንስቶ ወደ ተክል ቀለም አመጣቸው፤ ከዚያ ሁሉም ተቀባበለው። አቼቶ የቀይ ሥርን ውሃ ደማቅ አድርጎ ያቆየዋል፤ ለዚህ ነው የሚያታልለው። ድስቱ ውስጥ ያማረው ጨርቁ ላይ ይቆያል ማለት አይደለም። ቀይ ሥር ደግሞ ጭራሽ ለጨርቅ የሚሆን አይደለም። ቀለሙ በውሃ ይሟሟል፣ ሙቀት ያበላሸዋል፣ ፀሐይ ትጨርሰዋለች። ምንም ብትጨምሩ አይያዝም። ብሉት።

አብዛኛውን የተክል ቀለም ከጨርቅ ጋር የሚያስተሳስረው ቀለም አስያዥ ነው። ሙያተኞቹ ሞርዳንት ይሉታል። ለቤት የሚሆነው አልም ነው፤ ሙሉ ስሙ ፖታሲየም አሉሚኒየም ሰልፌት፣ ሲያዩት ነጭ ስኳር የመሰለ። ውስጡ ያለው አሉሚኒየም በአንድ በኩል ጨርቁን፣ በሌላ በኩል ቀለሙን ይይዛል። የመመሪያው ወረቀት ላይ ይህ ቃል አንዴም የለም።

አልሙን ሳገኝ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አልተገላገልኩም። ምክንያቱም ያ የመጀመሪያው መስመር አለ፦ «ጨርቁን እጠቡ»።

ሁለት ወር ያጠራቀምኩትን የሽንኩርት ልጣጭ ቀቀልኩ። የሽንኩርት ልጣጭ ለጀማሪ የሚራራ ቀለም ነው፤ በራሱ ታኒን የሚባል፣ ቀለም እንዲይዝ የሚረዳ የተክል ንጥረ ነገር አለው፣ ያለ አስያዥም የተወሰነ ይይዛል። እኔ ደግሞ አልም ጨምሬበታለሁ። ጨርቁ አዲስ አቡጀዲ ነው፣ በማሽን በሳሙና አጥቤዋለሁ። ከድስቱ ሳወጣው ግን የነብር ቆዳ ሆኗል። እዚህ ብርቱካንማ፣ እዚያ ፈዛዛ፣ መሃል ላይ ምንም ያልነካው ነጭ ደሴት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ማለት ይቀለኛል። ደግሞ ለሁለት ወር ልጣጭ!

ነገሩ የገባኝ በአጋጣሚ ነው። ከዚያው ጣቃ የተረፈው ቁራጭ ላይ ውሃ ጠብ አለ። ጠብታው ሳይሰርግ ክብ ሆኖ ተቀመጠ፣ እንደ ቅጠል ላይ ጤዛ። ጥጥ ከተፈጥሮው ሰም አለው። ፋብሪካ ደግሞ ሲሸምነው ስታርችና ሌላም ነገር ይቀባዋል። ውሃ ያልገባበት ጨርቅ ቀለም ከየት ይገባዋል? ማሽን ውስጥ ማጠብ ይህን አያወጣውም።

ስለዚህ ይቀቀላል። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ጨርቅ 20 ግራም ያህል ሶዳ አሽ (የማጠቢያ ሶዳ) እና ጥቂት ሳሙና፣ ጨርቁ እንደልቡ የሚንሳፈፍበት ውሃ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። ሶዳ አሽ ካጣችሁ ቤኪንግ ሶዳ ምጣድ ላይ ዘርግታችሁ በ200 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ኦቨን ውስጥ አቆዩት፤ ወደዚያው ይለወጣል። እኔ አቡጀዲውን ስቀቅል ውሃው እንደ ሻይ ጠቆረ። «ንጹሕ» ያልኩት ጨርቅ ነው እንግዲህ። ደፍቼ እንደገና ቀቀልኩት፣ እንደገና ጠቆረ። በሦስተኛው ተወኝ። አድርቄ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ወዲያው ጠጣው። ከዚያ ወዲህ ያንን ጠብታ ሳላይ አንድም ጨርቅ አልነከርኩም። ሱፍን ግን እንዲህ እንዳታደርጉት፤ ሶዳና ፍላት ያበላሸዋል። ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል።

ጥጥ ከተቀቀለ በኋላም ወዲያው አልም አይወድም። መጀመሪያ ታኒን ይጠጣ። የሮማን ልጣጭ ወይም የአቮካዶ ፍሬ (መሃሉ ያለውን ጠንካራ ዘር) ቀቅላችሁ ጨርቁን እዚያ አሳድሩት። ቀጥሎ ለአንድ ኪሎ ጨርቅ 150 ግራም አልም በሙቅ ውሃ አሟሙ፣ 20 ግራም ሶዳ አሽ ለብቻው በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት። አረፋ ገንፍሎ ይነሳል፤ ሰፊ ዕቃ ያዙ። እኔ በትንሽ ባልዲ አድርጌው ወለሉን ስወለውል አመሸሁ። ጨርቁ እዚያም ያድራል። ቀለሙ የሚነከረው እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ነው።

ይበዛል? ይበዛል። ግን ድሮም እንዲህ ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ልጅ ሐምራዊውን የፋብሪካ ቀለም እስኪያገኝ ድረስ ዓለም የሚለብሰው ቀለም ከተክል፣ ከነፍሳት፣ ከቀንድ አውጣና ከማዕድን ነበር። «ማደር» ከሚባል ተክል ሥር የሚወጣው የቱርክ ቀይ የሚባለው የጥጥ ቀለም በብዙ ደረጃ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልጨርሰው ነበር የፈለግኩት።

ወደ እህቴ ጨርቅ ልመለስ። እርድ ከሌሎቹ ይለያል፤ ያለ አስያዥም ጥጥ ላይ ይጣበቃል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ያሞኘኝ። ውስጡ ያለው ኩርኩሚን ግን አሲድ ሲያገኝ ቢጫ፣ ሳሙናን የመሰለ አልካሊ ሲያገኝ ቀይ ቡኒ ይሆናል። እህቴን «ሎሚ ጨምቀሽ በውሃ አቅጥነሽ ንከሪው» አልኳት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደወለች። «ተመለሰ! አስማተኛ ነሽ እንዴ?» አለች። ዝም አልኩ። መንገር የነበረብኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እርድ ፀሐይ አይችልም። በወሩ መስኮት በኩል ያለው ጎን ገረጣ። ጠረጴዛው ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ የታመመ ሰው ፊት መሰለ። አሁን እርዴን ሙሉ በሙሉ ወደ ምግብ ነው የማደርገው። ለእሱ የደከምኩት ዘጠኝ ወር ግን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀለም ስሞክር ቁራጭ ጨርቅ ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት አስቀምጣለሁ። ካርቶኑ ሲነሳ መስመር ከታየ፣ ያ ቀለም ለስጦታ አይሆንም።

ሌላ የምቆጭበት ሐምራዊው በሶብላ ነው። ቅጠሉ ሐምራዊ ስለሆነ ጨርቁም ሐምራዊ የሚሆን መስሎኝ ተክሉን ከሥሩ ቆረጥኩት። ያገኘሁት ግራጫ ነው፤ እሱም ቶሎ ሄደ። ለማብሰያም ቅጠል አልቀረኝም። የተክሉ መልክ ጨርቁ ላይ ስለሚወጣው ቀለም ምንም አይነግራችሁም። አረንጓዴ ቅጠል ቢጫ ይሰጣል፣ ቡናማ የአቮካዶ ፍሬ ሮዝ ይሰጣል።

አሁን አንድ ሕግ አለኝ፦ ኩሽናው ይቀድማል፣ ድስቱ ትርፉን ይወስዳል። በዚህ ሚዛን አንደኛው ካሮት ነው። ጥልቅ ማሰሮ ውስጥ ዘርታችሁ ሥሩን ትበላላችሁ፤ ሁሉም የሚጥለው ቅጠሉ ከአልም ጋር ጥርት ያለ ቢጫ ይሰጣል። ቀጥሎ የሽንኩርት ልጣጭ። በላስቲክ እንዳታጠራቅሙት ይሻግታል፤ ወረቀት ከረጢት ይሻላል። ለቀለም ብቻ የምተክለው ሜሪጎልድ የሚባለውን ብርቱካንማ አበባ ነው። በቀጠፋችሁት ቁጥር ተጨማሪ ያብባል። እርጥቡ አበባ ቢያንስ የደረቀውን ጨርቅ ክብደት ያህል ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ብዙ ማሰሮ ነው። እያደረቃችሁ አጠራቅሙ።

ሚዛን ግዙ። «እፍኝ» እና «ትንሽ» የሚል መመሪያ ካያችሁ እለፉት። ብረትም ቀለም ያጠቁራል፣ ቢጫውን ወደ ወይራ አረንጓዴ ይወስደዋል፤ ከበዛ ግን ጨርቁን ይበላዋል። እኔ ከጨርቁ ክብደት በመቶ ሁለት አላልፍም። አንድ ትራስ ልብስ በዝገት ውሃ አብዝቼ ነክሬው ነበር፣ በስድስት ወሩ እንደ ወረቀት ተቀደደ።

የቀለም ድስትና ማማሰያ ከማብሰያ ዕቃ ይለይ። «በደንብ ካጠባችሁት ችግር የለውም» የሚል ምክር ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። ተክሉ የሚበላ ቢሆንም አልምና ብረት ምግብ አይደሉም። የቆዩ መመሪያዎች ላይ ክሮም የሚል አስያዥ ካገኛችሁ ደግሞ ቤት እንዳታስገቡት፤ መርዛማ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል። የአልምና የሶዳ ውሃም ማሰሮ ላይ አይደፋም። እኔ ደፍቼ አንድ ሙሉ ናና አጥቻለሁ።

የእህቴን የጠረጴዛ ልብስ ወስጄ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ሁለቴ ቀቀልኩት፣ ታኒን አጠጣሁት፣ አልም አሳደርኩት፣ በሽንኩርት ልጣጭ ነከርኩት። ወርቅማ ብርቱካን ወጣ። በለስላሳ ሳሙና ስታጥበው እስካሁን አልለወጠም፤ መስኮቱ በኩል ያለው ጎን ትንሽ ደብዝዟል፣ እሷ ግን አላየችውም፣ እኔም አልነገርኳትም። አሁን ልጣጭ እያጠራቀመች ትልክልኛለች። ባለፈው የመጣው ከረጢት ግማሹ የነጭ ሽንኩርት ነበር። ለቀለም አይረባም። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለቅም ዋልኩ።