ትርፍ ወንበር

ሐምሌ 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ዛሬ ደብሮኛል። ለምን ብባል መልስ የለኝም። በዝናቡ እንዳላመካኝ፣ ሐምሌ መቼ ሳይዘንብ ቀርቶ ያውቃል። በደሞዝ እንዳላመካኝ፣ ገና 14 ነው፤ ኪሴ ባዶ ሊሆን ሁለት ቀን ይቀረዋል።

ለመጻፍ የተቀመጥኩት ስለ ታክሲ ነው። ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ስበሰብስ ቆይቼ በመጨረሻ አንዱ ውስጥ ተጋፍቼ ገባሁ። ጸጥ ብሏል። ሬዲዮው እንኳን ተዘግቷል። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በፊት እኮ ታክሲ ማለት ፓርላማ ነበር። ማታ በቴሌቪዥን ያየነው ክርክር ጠዋት ታክሲ ውስጥ ይደገማል። ረዳቱ ሂሳብ መቀበሉን ረስቶ ስለ መሬት ፖሊሲ ይሟገታል። ሾፌሩ በመስኮት ሁለት ጣቱን፣ የቅንጅትን ምልክት፣ ያወጣል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ታክሲ በክላክስ ይመልስለታል። አሁን ሁለት ጣቱን የሚያወጣ የለም። ሲጋራ የሚያጨሱት እንኳን አያያዛቸውን ቀይረዋል። ሰው ከማውራቱ በፊት አጠገቡ የተቀመጠውን ሰውዬ ጫማ ያያል።

ስድስት ኪሎን እንዳለፍን ረዳቱ የሰበሰበውን ሂሳብ ቆጠረ። ጎደለው።

«አንድ ሰው አልከፈለም» አለ።

ዝም።

እንደገና ቆጠረ። «ኧረ ጎበዝ፣ አንድ ሰው አልከፈለም!»

ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፣ «አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማ!» አለ።

ታክሲው በሳቅ ተናጋ። ምናልባት ለሦስት ሰከንድ። ከዚያ ሁላችንም የተነጋገርን ይመስል ባንዴ አቆምን። ማን እንደተናገረ ለማየት የዞረ የለም። ረዳቱም ሂሳቡን እርግፍ አድርጎ ተወው። ድሮ ቢሆን ይችን ቀልድ ወዲያው ለጓደኛዬ ለብ. በሞባይል እጽፍለት ነበር። አጭር መልዕክት ከጠፋ ግን ሰንብቷል። ደውዬ እንዳልነግረው ደግሞ... ቀልድ በስልክ መንገር ራሱ የሚያስፈራበት ጊዜ ላይ ደረስን።

እንግዲህ «አጣሪ» የምትለዋ ቃል ናት ይዛኝ የሄደች። የት ወሰደችኝ? ግምጃ ቤት።

እንደምታውቁት ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል። በጀት ሲዘጋ የንብረት ቆጠራ አለ። ዘንድሮ የቆጠራ ኮሚቴ አባል ሆኛለሁ። ለምን እኔ? ኮሚቴው የተመረጠ ዕለት ቀሪ ስለነበርኩ። በኛ መሥሪያ ቤት በሙሉ ድምፅ የሚመረጠው ሁልጊዜ ቀሪ ሰው ነው። ከኔ ጋር የፋይናንሷ ት. እና ከጠቅላላ አገልግሎት የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ አሉ። ግምጃ ቤቱ የጋሼ መ. ነው። ጋሼ መ. ሦስት መንግሥት ያዩ፣ የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞቹን፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22ን፣ እንደ ልጆቻቸው ስም የሚጠሩ ሰው ናቸው።

ስንጀምር ጨዋታ በጨዋታ ነበርን። «ታዛቢ የሌለበት ቆጠራ አልቆጥርም፤ ምርጫውን የታዘቡት ካርተር ይጠሩልኝ» አለች ት.። ጋሼ መ. አልሳቁም። ቁልፋቸውን አንኳኩተው «ከወረቀቱ ጀምሩ» አሉ።

ወረቀቱ ልክ ወጣ። ሳሙናው ልክ ወጣ። መጥረጊያው ሁለት ጎደለ፤ ጋሼ መ. ሮጠው ከበሩ ኋላ አምጥተው ሞሉት። ጉዱ የመጣው ተጣጣፊ ወንበር ላይ ነው። የንብረት መመዝገቢያ ካርዱ 64 ይላል። እኔ ቆጠርኩ፣ 61። ት. «አንተ እኮ መቁጠር አትችልም» ብላ ራሷ ቆጠረች፣ 67። ዝምተኛው ሰውዬ ኮቱን አውልቆ አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው እያዞረ ቆጠረ። 67።

የጎደለ ሲፈለግ አይቻለሁ። የተረፈ ሲፈለግ ግን አይቼ አላውቅም። ገቢ የሆነበት ሞዴል 19 የለ፣ ተመላሽ የተደረገበት ወረቀት የለ። ሦስት ወንበር ከሰማይ ወርዶ ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ከየት መጡ?» አልኳቸው።

«ምን አስጨነቀህ ልጄ?» አሉኝ። «ጉድለት ቢሆን ከደሞዜ ይቆረጥ ነበር። በብልጫ የተጠየቀ ሰው ግን በ30 ዓመት ውስጥ አላየሁም።»

«ቢሆንም ከየት እንደመጡ...»

«ከየትም ይምጡ። ወንበር አይደል? ይቀመጡበታል።»

ይሄ ንግግራቸው ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ወንበር አይደል፣ ይቀመጡበታል! እሳቸው የተናገሩት ስለ ተጣጣፊ ወንበር ነው፤ እኔን የሚነዘንዘኝ ሌላው ወንበር ነው። እዚያኛው ቤት፣ ፓርላማው ውስጥ፣ 547 ወንበር አለ። የአዲስ አበባዎቹ 23ቱ አላከራከሩም፤ ሁሉንም ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰዳቸው። የከተማው ምክር ቤትም ከ138ቱ 137ቱ የቅንጅት ነው። (እኔ መቼም ልቤ ሰፊ ነውና የማስበው ለቀረው ለአንዱ ሰውዬ ነው። ለመሆኑ ምሳ ከማን ጋር ሊበላ ነው?) ከከተማ ስትወጣ ነው ካርዱና ቆጠራው የማይገጥመው። ገዢው ኢሕአዴግ በምርጫው ማግስት አሸነፍኩ አለ። ተቃዋሚዎቹ ያሸነፍነው እኛ ነን አሉ። ምርጫ ቦርዱ ቅሬታ እያጣራሁ ነው ይላል። ሁሉም ቆጥሯል። ሁሉም በየኪሱ የየራሱን ካርድ ይዞ ይዞራል።

የግንቦት 7 ለታ እኔና እናቴ ሌሊት ነው የወጣነው። እሷ ለጥምቀት የምታወጣትን ቀሚስ ለብሳለች። ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጥቶ እስኪያዘቀዝቅ ቆምን። የማይተዋወቅ ሰው አንዱ ለሌላው ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ አንዷ ቆሎ ይዛ መጥታ ለሰልፈኛው አዳረሰች። ማታ እግራችንን ለብ ባለ ውሃ ነክረን ቴሌቪዥን ስንከፍት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብቅ አሉ። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ ተከልክሏል። እናቴ ደነገጠች። «ወይኔ ልጄን! እነዚያ ገና ያልደረሳቸውስ ሳይመርጡ ሊቀሩ ነው?» አለች። እሷ የገባት የድምፅ መስጫው ሰልፍ ነው። ያን ማታ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያልገባን እኛ ሳንሆን አንቀርም፤ ከዚያ ወዲያ ማን ሰልፍ አየ?

ስለ ሰኔ 1 ግድያ ዛሬ አልጽፍም። ሆድ ይፍጀው። የሞቱት ቁጥር እንኳን የመንግሥቱና የሰፈሩ አይገጥምም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ወንበሮቹ። ጋሼ መ. ለገብርኤል ቁልቢ ሊሄዱ ፈቃድ ሞልተዋል፤ ቆጠራው ሳያልቅ ደግሞ ፈቃዱ አይፈረምላቸውም። ሰኞ ከሰዓት ቃለ ጉባኤው ቀረበ። ሦስት ወንበር ብልጫ ብለን እንዳንጽፍ፣ ብልጫ የሚያብራራ ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤው ኃላፊው ጋ ይሄዳል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ኃላፊው ከጥንትም ስብሰባ ላይ ነው። ት. ልጇን ከመዋያ ማውጣት አለባት። «64 በሉትና ከካርዱ ጋር ይታረቅ» አለች። ዝምተኛው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «የኋላው መደርደሪያስ? አልቆጠርነውም እኮ» አለ።

ሦስታችንም ወደ ኋላ አየን። ጨለማ ነው፤ አምፑሉ ተቃጥሏል።

«የዓምናውን ጻፉ» አሉ ጋሼ መ.።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብዬ። «ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ በመቁጠር አረጋግጧል» የሚለውን ከዓምናው ቃለ ጉባኤ ላይ ቃል በቃል ገለበጥኩ፤ መጀመሪያ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ጠዋት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ ምርጫ ቦርድ ስንት ነገር የተናገርኩት እኔው። ማህተም ሲያርፍበት አሥር ሰዓት አልሞላም ነበር።

ሦስቱ ወንበሮችማ ግምጃ ቤት ሊያድሩ አይችሉም፤ መዝገብ ላይ የሉማ። አንዱን ት. ፋይናንስ ወሰደችው። አንዱ ጥበቃው በር ላይ ይቀመጥበታል።

የኔ ወንበር እግሩ የተሰበረው ጥር ላይ ነበር፤ ስንት ጊዜ ጠይቄ መልስ አጥቼ። አዲሱ ይመቻል። ስደገፍበት ትንሽ ይንቋቋል እንጂ።