ማንዳሪን 8ኛ ወር፦ ጓንዡ ሬስቶራንት ውስጥ የተማርኩት

ሰላም ቤተሰብ፣ ማንዳሪን (ቻይንኛ) መማር ከጀመርኩ 8ኛ ወሬ ነው፣ የዚህ ወር ሪፖርቴ ከደቡብ ቻይናዋ ከተማ ከጓንዡ ነው። ከእህቴ ጋር ለእቃ ሄደን ነበር፣ ሥራ ስንጨርስ የመጨረሻው ቀን ላይ ዡጂያንግ ሺንቸንግ የሚባለው ፎቅ የበዛበት ሰፈር ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ተሰልፎ የሚገባበት ውድ ዲምሰም ቤት (በትንንሽ ሳህን የሚቀርብ የካንቶን ምግብ ቤት) ገባን፣ በመስኮቱ 600 ሜትሩ የካንቶን ታወር ይታያል።

ገና ከመቀመጣችን የተጠየቅነው ሻይ ነው። እዛ ይሄን ምግብ መብላት ራሱ "ያም ቻ" ነው የሚባለው፣ በአካባቢው ቋንቋ በካንቶንኛ ሻይ መጠጣት ማለት ነው፣ ሂሳቡ ላይም ሻዩ በሰው ተቆጥሮ ለብቻው ይገባልና እንዳትደነግጡ። እኛ ፑኤር አዘዝን፣ ጥቁር ሆኖ ዝናብ የነካው አፈር አፈር የሚል፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይስማማል። ሲቀዳላችሁ ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ ማድረግ ምስጋና ነው፣ ሻዩ ሲያልቅ ደግሞ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፈት አድርጋችሁ ተዉት፣ መጥተው ይሞሉታል። በቪዲዮ አውቀው ነበር፣ ግን ጎናችን የተቀመጡት አባት ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሲያደርጉት ሳይ በጣም ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምምዴ፣ አሳማ። "ዎ ቡ ቺ ጁሮው" (አሳማ አልበላም) የሚለውን ወር ሙሉ ስለው ነበር፣ "ቺ" ብዬ የጻፍኩትን ግን እንደኛ ቺ አትበሉት፣ ምላስን ወደ ላንቃ ጠቅለል አድርጎ ች-ር የሚል ዓይነት ነው። አስተናጋጇ ወዲያው ገባት፣ እኛም በእንፋሎት የሚበስለውን የበሬ ሥጋ ድቡልቡል አዘዝን። ከዛ ትዝ ሲለኝ "ዮ ጁዮ ማ?" አልኳት፣ የአሳማ ስብ አለው ወይ ማለት ነው። ቆም ብላ አሰበችና ኪችን ገብታ ጠይቃ መጣች፣ አለው! ሥጋው የበሬ ሆኖ እንዲለሰልስ ስብ ይጨመርበታል። ስለዚህ ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ስቡንም ለይታችሁ ጠይቁ፣ እኔ ለ8 ወር የተማርኩት ሁሉ በዚች አንድ ጥያቄ የካሰኝ ነው የመሰለኝ።

በምትኩ ቻንግፈን መጣልን፣ ከሩዝ ዱቄት የተሠራ እንደ ነጠላ የሳሳ ነገር ውስጡ የበሬ ሥጋ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ጣፈጥ ያለ ሶያ ሶስ ፈሶበት። በቾፕስቲክ ሲይዙት ያዳልጣል፣ አስተናጋጇ እጄን ይዛ አስተካከለችልኝ፣ የታችኛው እንጨት ዝም ብሎ ይቀመጣል የላይኛው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ እኔ ሁለቱንም ነበር የማንቀሳቅሰው። ቅቅሉ ዶሮ ደግሞ አጥንቱ ጋ ቀላ ያለ ነው፣ እህቴ አልነካውም አለች፣ እኔ ግን በዝንጅብልና በቀይ ሽንኩርት ቅጠሉ ማባያ አጥቅሼ በልቼ ጨረስኩት፣ ሥጋው ውሃውን ይዞ ለስላሳ ነው።

ሾርባ ስጠይቅ ቶን (ትርጉም የሚለውጠውን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ) ተሳሳትኩ፣ "ታንግ" ከፍ ብሎ ቀጥ ሲል ሾርባ ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ስኳር፣ ደግሜ ስለው ገባት። ሂሳቡ ለሁለት ሰው 420 ዩዋን መጣ፣ ለኛ ውድ ነው፣ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ በቻይንኛ ብቻ ነው ያወራሁት።

የሚቀጥለው ወር 2ኛውን ቶን ነው የምሠራው። ለጾም "ዎ ቺ ሱ" (ሥጋ የሌለው ነው የምበላው) እንደሚባል አውቃለሁ፣ ግን እንቁላልና ወተት ሊገባበት ይችላል፣ እዛ የኖራችሁ እሱን ጨምራችሁ እንዴት እንደምትሉ ጻፉልኝ።