ቻይናን ዳግም አንድ ያደረገው ያንግ ጂየን

የሱይ ሥርወ መንግሥት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የዕድሜው ማጠር ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ መሥራቹ ያንግ ጂየን፣ በኋላ ዌንዲ ተብሎ የታወቀው ንጉሠ ነገሥት፣ ያከናወነው ሥራ ነው። ሰሜናዊ ቻይናን ይገዛ የነበረው የሰሜን ዡ መንግሥት የጦር ሹም የነበረው ይህ ሰው ሴት ልጁን ለንጉሣዊው ቤተሰብ በመዳር ወደ ዙፋኑ ከተጠጋ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥት የሆነው የልጁ ባል ሲሞት የሕፃኑ ንጉሥ እንደራሴ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ581ም ዘውዱን ወሰደ። ሕፃኑንና በርካታ የንጉሡን ዘመዶች ማስገደሉን ምንም ዓይነት ስኬት ሊሸፍንለት አይችልም ብዬ አምናለሁ።

በ589 በደቡብ የነበረውን የቼን መንግሥት ድል ነሥቶ፣ ከ250 ዓመታት በላይ ተከፋፍላ የኖረችውን አገር አንድ አደረገ። ከዚህ ድል ይልቅ የምመዝነው ግን ሕጉን ነው፤ ጨካኝ ቅጣቶችን ያስቀረውና አንቀጾቹን የቀነሰው የካይኋንግ ሕግ ለኋለኛው የታንግ ሥርወ መንግሥት ሕግ መሠረት ሆኗል። ብልህ ሚስቱ እቴጌ ዱጉ በመንግሥት ጉዳይ ታማክረው ነበር። በ604 ሲሞት በእህል የተሞሉ ጎተራዎችንና ዳሺንግ የተባለች አዲስ ዋና ከተማ ለልጁ ያንግ ጓንግ ትቶ አለፈ፤ ልጁ በኮሪያ ላይ ባካሄዳቸው ያልተሳኩ ዘመቻዎችና በከባድ የግዳጅ ሥራ ሕዝቡን ለአመፅ አነሣሣ፤ በ618ም ሥርወ መንግሥቱ አከተመ።