ቁስቋም መንገድ ላይ የታመመ ሎሚ

ጎንደር ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ፋሲል ግንብ ሳያወራ አይቀርም። እኔም አይቼዋለሁ፤ ግሩም ነው። አሁን የማወራችሁ ግን ስለ አንድ የጓሮ ሎሚ ነው።

የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ ለማየት ወደ ቁስቋም ስወጣ የጓደኛዬ እናት ቤት ጎራ አልኩ። ቡናው እስኪደርስ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። "አንተ ስለ ተክል ታውቃለህ አሉ፤ እስቲ ሎሚዬን እየው። የሰው ዓይን ነው የበላው" አሉኝ። ጎረቤታቸው ደግሞ "የምን ዓይን! ቀንድ አውጣ ነው እንጂ" ብለው ተከራከሩ።

ቀንድ አውጣ ማለታቸው አይፈረድባቸውም። ለጋዎቹ ቅጠሎች ላይ ብርማ መስመር እየተጠማዘዘ ሄዷል። በጣቴ ጠረግኩት፤ አይለቅም። ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ነው። ወደ ፀሐይ ዞር ሳደርገው መሃል ለመሃል ጥቁር ክር ታየኝ። የትል ኩስ ነው። መስመሩ ሲጀምር ቀጭን ነው፤ ትሉ እየጠጣ ሲወፍር እሱም ይሰፋል። መጨረሻው ላይ ባለቤቱ ተጋድሞ አገኘሁት፤ ቢጫ ነገር፣ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

የትሉ እናት የእሳት እራት ናት፤ ፊሎክኒስቲስ ሲትሬላ ይሏታል። መነሻዋ እስያ ነው። ክንፏን ዘርግታ እንኳ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ነጭ ናት፤ ክንፏ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ሲመሽና ሊነጋጋ ሲል ስለምትበር ማን ልብ ይላታል? እንቁላሏን ለጋ ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ትሉ እንደተፈለፈለ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ቅጠሉን አያኝክም፤ የቆዳውን ሕዋሳት እየቀደደ ፈሳሹን ነው የሚጠጣው። ሲበቃው የቅጠሉን ጠርዝ በሐር ክሩ ጠቅልሎ እዚያው ክንፍ ያወጣል። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጉዞ አየሩ ከሞቀ በ2 ሳምንት ገደማ ያልቃል፤ ከቀዘቀዘ እስከ 7 ሳምንት ይጓተታል።

"ታዲያ መድኃኒት ላስረጭበት?" አሉ።

"ይቅርብዎት" አልኳቸው። ትሉ ቆዳ ሥር ተሸፍኗል፤ መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኘውም። በመድኃኒቱ የሚያልቁት ትሉን የሚጨርሱልን ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። ችግኝ ቢሆን ያሰጋ ነበር፤ ትልቅ ዛፍ ግን ይችለዋል። የእሳት እራቷ ደግሞ የጠነከረ ቅጠል አትነካም።

ለነገሩ ልጃቸው "ይሻለዋል" ብሎ ዛፉን ደጋግሞ ይከረክመው ነበር። በተከረከመ ቁጥር ለጋ ቅጠል ይወጣል፤ ለእሳት እራቷ ድግስ ነው። ይሄን ስነግራቸው ወደ ቤት ዞረው ተጣሩ፦

"አንተ! መቀሱን አምጣ፤ እኔ ጋ ይቀመጣል!"