ከማመልከታችሁ በፊት ኮስት ሼሪንጋችሁን ጨርሱ

ስኮላርሺፕ እንዴት እንደሚገኝ የሚመክር ሰው ሞልቷል። ሞቲቬሽን ሌተር (ለምን መማር እንደፈለጋችሁ የምትገልጹበት ደብዳቤ) እንዲህ ጻፉ፣ ሲቪ እንዲህ አሳምሩ ይሏችኋል። ዕድሉ ከተገኘ በኋላ እዚሁ አገር ውስጥ ባለ ወረቀት ምክንያት ከእጅ ሊወጣ እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም። እኔ አንድ ሙሉ ዓመት የተቃጠለብኝ በዚህ ነው።

የጅማ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ሄርማታ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት ግን ተመድቤ በሄድኩበት፣ ከጅማ በጣም በራቀ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስመረቅ ጅማ ዙሪያ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በግብርና ባለሙያነት ተቀጠርኩ። እዚያ በመስኖ ቲማቲም ከሚያመርቱ ገበሬዎች ጋር ስሠራ ነው ነገሩ የጀመረኝ። ተክሉ ውሃ እየጠጣ ይጠወልጋል። ሲነቀል ሥሩ በሙሉ አባብጦ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኗል። ይህን የሚያደርጉት ኔማቶድ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ትሎች ናቸው። ገበሬዎቹ መፍትሔ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጥቼ ስፈልግ፣ ቤልጂየም ያለው ጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረውን የኔማቶሎጂ ማስተርስ አገኘሁ። ኢራስመስ ሙንዱስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ነበር።

ማመልከቻው አላስቸገረኝም። ለኢራስመስ ሙንዱስ አንድ ማዕከላዊ ማመልከቻ የለም፤ በቀጥታ ለፕሮግራሙ ነው የሚላከው። የዕድሜ ገደብ የለውም። የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፤ ለኑሮ ደግሞ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን፣ አይኤልትስን፣ አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንኩ። ሞቲቬሽን ሌተሬ ላይ የጻፍኩት ስለዚያ ስላበጠው የቲማቲም ሥር ነው። በዓይኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ተመርጠሻል የሚል ኢሜይል መጣ። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች።

ከዚያ ወረቀት ተጠየቅኩ። የተረጋገጠ ኦርጅናል ዲግሪ አስገቢ ተባልኩ። እጄ ላይ ያለው ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ፣ እና ስቱደንት ኮፒ የሚባለው የውጤት ቅጂ ብቻ ነው። ኦርጅናሉ የሚሰጠው ኮስት ሼሪንጉ፣ ማለትም የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳው፣ ተከፍሎ ሲያልቅ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ሊከፍል ፈርሞ ነው የሚማረው። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። ከእኔም ከመጀመሪያው ደመወዜ ጀምሮ ተቆርጧል። የደመወዝ መክፈያው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከተቆረጠብኝ በኋላ የቀረችውን ትንሽ ዕዳ በአንድ ጊዜ ከፍዬ ዲግሪዬን ልውሰድ ብዬ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ።

የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየና፣ "እህቴ፣ በአንቺ ስም የገባ ምንም ገንዘብ የለም" አለኝ። ምንም! የደመወዝ መክፈያዬን ኮፒ አሳየሁት። "ይሄ መቆረጡን እንጂ መግባቱን አያሳይም" አለ። ምን ይሻላል ስለው፣ "በቃ ሙሉውን እንደገና ክፈይና ተገላገይ" አለኝ። የከፈልኩትን! ያ አነጋገሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የወር ደመወዝተኛ መሆኔን እያየ፣ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው።

ወደ ጅማ ተመለስኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ድረስ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ደግሞ በወልቂጤ፣ በጊቤ በረሃ ወደ 350 ኪሎ ሜትር። መሥሪያ ቤቴ ሄጄ ገንዘቡ የት እንደገባ ጠየቅኩ። ፋይናንስ ክፍሉ "እኛ ለገቢዎች አስገብተናል፣ እዚያ ጠይቂ" አለ። የገቢዎቹ ቢሮ ደግሞ "ገንዘቡ ገብቷል፤ ግን በጥቅል ነው የገባው፣ የስም ዝርዝር የለንም" አለ። ዝርዝሩ ማን ጋ ነው? መሥሪያ ቤትሽ ጋ። መሥሪያ ቤቴስ? የቀድሞው ሒሳብ ሠራተኛ ተዛውሯል፣ ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው አይታወቅም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ነይ። ሲስተም የለም። ከሰኞ በኋላ ነይ።

ሦስት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ወደ ሌላው ሲገፉኝ የቤልጂየሙ ቀነ ገደብ እየቀረበ ነበር። አንዳቸውም አልከፈልሽም አላሉኝም። ሁሉም መክፈሌን ያውቃሉ። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ እንዲታይ የማድረጉ ሥራ ግን የማንም አይደለም። ዋናው ጉድለት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ገንዘቡን ለመቁረጥ ግልጽ አሠራር አለ፣ የተቆረጠው በማን ስም እንደገባ ለዩኒቨርሲቲው የሚያሳውቅ ሰው ግን የለም። ዕዳው የተማሪው ነው ከተባለ ማስረጃውም በስሙ ሊቀመጥለት ይገባ ነበር።

ያዳነችኝ የመሥሪያ ቤቴ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ጡረታዋ የደረሰ እናት ናት። "ልጄ፣ ወረቀት እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም" ብላ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛኝ ገባች። አቧራ ውስጥ ቦክስ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አወረድን። ደረሰኞቹ ነበሩ። ከየደረሰኙ ጀርባ የስም ዝርዝሩ በስቴፕለር ተያይዟል። ስሜን ሳየው አለቀስኩ። ግዴታዋ አልነበረም፤ ምሳዋን ሳትበላ ነው የዋለችው። እግዜር ይስጣት።

ዝርዝሩ ኮፒ ተደርጎ ማኅተም ተመታበት፣ ሸኚ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። አሁን አለቀ ብዬ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። አላለቀም። ደብዳቤው "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል፤ "በቀጥታ ለእኛ ካልተጻፈ አንቀበልም" አሉኝ። ደግሞም የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፣ ሕጋዊ ደብዳቤ ነው። "እዚህ የሚያነበው የለም፣ አስተርጉመሽ ነይ" ተባልኩ። ከመላ አገሪቱ ተማሪ የሚቀበል ተቋም ከኦሮሚያ ለሚመጣ ደብዳቤ አንድ አንባቢ ማዘጋጀት እንዴት ያቅተዋል? ሁለቱንም እንከኖች በመጀመሪያው ቀን በስልክ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ደውዬ ጠይቄ ነበርና።

አዲሱ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ እስኪደርስ ቀነ ገደቡ አለፈ። ቦታዬ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለፕሮግራሙ ሰዎች ሁኔታውን ጽፌላቸው ነበር፤ በትህትና መለሱልኝ፣ ግን ሊጠብቁኝ አልቻሉም። በእነሱ አልፈርድም።

ኦርጅናሉን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዲግሪውን ይዤ በቀጣዩ ዙር እንደገና አመለከትኩ፤ እንደገና ተመረጥኩ። በዚህ እኮራለሁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጫ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ቪዛ፤ ሁሉም ተራ በተራ አለቀ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በቴምፖራሪ ማመልከት ይቻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ በብዙ ፕሮግራሞች ይቻላል። እኔ ግን ኦርጅናላችሁን ሳትይዙ አታመልክቱ እላለሁ። ከተመረጣችሁ በኋላ ያለው ጊዜ ለእኛ አገር ቢሮ አይበቃም።

ኮስት ሼሪንግ እየተቆረጠባችሁ ከሆነ ስኮላርሺፕ ባታስቡም በየዓመቱ የደረሰኙንና የስም ዝርዝሩን ኮፒ ማኅተም አስመትታችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ። ሒሳብ ሠራተኛው ሳይዛወር አድርጉት። ቤተሰብ ሊረዳችሁ ከቻለ ደግሞ በየወሩ መቆረጡን አትጠብቁ፤ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ከፍላችሁ ዲግሪያችሁን ውሰዱ። ደብዳቤ ስታጽፉ የተቀባዩን ቢሮ ስም በትክክል አስጽፉ፣ የእንግሊዝኛ ቅጂም አብሮ ይዘጋጅ። አይኤልትስ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፤ ወረቀታችሁ ሳያልቅ ቸኩላችሁ አትፈተኑ። "እኛ እናስጨርስላችኋለን" ለሚሉ ደላሎች ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አትስጡ። እኔ ዕድሜ ልኬን የማመሰግናት የመዝገብ ቤቷ እናት አምስት ሳንቲም አልጠየቀችኝም።

ለዩኒቨርሲቲው ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ቀሪው ላይ የገቢ ማኅተም አስመትቻለሁ። መልስ አልሰጡኝም። ለእኔ ጉዳዩ አልቋል፤ ግን አብረውኝ ተመርቀው ዛሬም ቴምፖራሪ ይዘው የሚዞሩ ልጆች ስላሉ መጠየቄን አልተውኩም።