ሦስት ሰው፣ አንድ ቫን፣ የአላስካ መንገድ

ከሲያትል እስከ አላስካዋ ፌርባንክስ በመኪና 3,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው የሚያልፈው በካናዳ ነው። ሰኔ ላይ ይህንን መንገድ እንይዛለን፤ እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ፣ ውስጡን ቤት ባደረግነው ነጭ ፕሮማስተር ቫን። "አላስካ እኮ አሜሪካ ነው፣ በአውሮፕላን ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ ምን አንከራተታችሁ?" የሚሉን ወዳጆች አሉ። እውነት ነው፣ አይፈጅም። እኛ ግን የምንፈልገው መንገዱን ነው። እናቴ አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ ያየችው ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ሐኪም ቤት ነው። ጉልበቷ ሳይከዳት አገር ማየት አለባት አልን። እሷም ሳታንገራግር እሺ አለች።

እሷ ስለምትሄድ ዝግጅቱ ሁሉ በእሷ ልክ ሆነ። ስለ ቫን ጉዞ ያየሁት ቪዲዮ በሙሉ ወጣቶች ለወጣቶች የሠሩት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋትን እናት ይዞ ለሚወጣ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው፤ የት ትቀመጣለች፣ እንዴት ትወጣለች፣ ምን ትበላለች፣ ሌሊት ብትነሳ እግሯ የት ያርፋል።

መጀመሪያ ወንበሩ። ቫኑን ስንገዛው የዕቃ መኪና ነበር። ፊት ሁለት ወንበር፣ ኋላው ባዶ ቆርቆሮ። "አልጋው ላይ ጋደም ብላ ትሂድ" ያሉን ነበሩ። በፍጹም! መኪና እየሄደ ሰው የሚቀመጠው ወለሉ ላይ በብሎን በታሰረ፣ ቀበቶ ባለው ወንበር ላይ ብቻ ነው። ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ ሰጥተን፣ ብሎኑ ከወለሉ ሥር በብረት ሳህን ተደግፎ ታሰረልን። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና ማብሰያው ተደምረው የእሱን ያህል አላስወጡንም። ግን አልቆጨኝም። መስኮቱ አጠገብ ነው፣ ተራራውን እያየች ትሄዳለች።

ቀጥሎ መውጫው። የጎን በሩ ከመሬት ከፍ ይላል። ተጣጣፊ መርገጫ ገዛንና በሩ ጎን ወፍራም የብረት እጀታ አስገጠምን። እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ እጀታውን ጨብጣ፣ መርገጫውን መጀመሪያ በእግሯ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ ሞከረችና ወጣች። ወረደች። ደግማ ወጣች። "በቃ፣ ደግፉኝ አልላችሁም" አለች። ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

መኪናውን ራሱን ያየልን የአጎቴ ልጅ ነው። ትራክ ነጂ ነው። በዚህ አገር ስንት አበሻ በከባድ መኪና እንደሚተዳደር ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ ሳትጠይቁ አትነሱ። የነጂውን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየን፤ መኪናው ከነሰውና ከነጭነቱ በጠቅላላ ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት ይናገራል። ከዚያ ትራኮች የሚመዘኑበት ማደያ ወሰደን። ሚዛኑ በፊቱና በኋላው ጎማ ላይ ያረፈውን ክብደት ለየብቻ ይሰጣል። ቁጥሩን ካየን በኋላ ብዙ ነገር ወረደ። 20 ጋሎን ውሃ ብቻ 75 ኪሎ ገደማ ነው፣ አንድ ትልቅ ሰው እንደ መጫን ነው። መንገድ ላይ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ ስላለ ታንኩን ሁልጊዜ ሞልተን አንሄድም። የብረት ድስቶቹ ቀሩ። እናቴ ሙቀጫዋን ይዤ ካልሄድኩ ብላ ነበር፣ የአጎቴ ልጅ "እትዬ፣ ቡናውን እኔ በማሽን ፈጭቼ እሰጥዎታለሁ" ብሎ አግባባት።

ጎማውንም እሱ ነው ያስቀየረን። ጎማ ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለበት። 2319 ካለ የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ዕድሜው የሄደ ጎማ ላስቲኩ ይደርቃል። ስኮርታውን ጨምሮ ሁሉንም ቀየርን። ክሪኩን አውጥተን እኔም ባለቤቴም ጎማ መፍታትና ማሰር ተለማመድን። ቫን ከታክሲ መኪና ይከብዳል፣ ክሪኩ የት ላይ እንደሚገባ በብርሃንና በሰላም ጊዜ ማወቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ምግቡ ልምጣ። ሰኔ የሐዋርያት ጾም ነው፣ እናቴ ደግሞ መንገደኛ ነኝ ብላ ጾም አትፈታም። እንዲያውም ጾሙ ጠቀመን። ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋ የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ በሶ፣ ቆሎ ፍሪጅ አይጠይቁም። ችግሩ እንጀራ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 1,500 ዋት ይበላል። የእኛ ባትሪ 200 አምፒር አወር ነው፣ ሲሞላ 2,500 ዋት አወር ገደማ ይይዛል። አስሉት፤ አንድ ሰዓት ከምናምን ጋግረን መብራትም ፍሪጅም የለንም። ስለዚህ ምጣዱ ቤት ይቀራል።

መፍትሔው ያው አባቶቻችን የዘመቱበት ስንቅ ነው፣ ድርቆሽ። እናቴ እንጀራውን በመቀስ በቀጭኑ እየቆረጠች መጋገሪያ ትሪ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ሲያትል እርጥብ አገር ስለሆነ ፀሐይ አይታመንም፣ ምድጃውን በመጨረሻው ዝቅተኛ ሙቀት ታበራና በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። በየመሐሉ እየመጣች አንዱን ሰብራ ድምፁን ትሰማለች። ጥርት ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም፣ ይሻግታል። ሲደርቅ በዚፕ ላስቲክ ከረጢት ይገባል። አንድ ትልቅ ካርቶን ሙሉ ደርሷል፣ ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም። ማታ ሽንኩርትና በርበሬ በዘይት አቁላልቶ፣ ውሃ ጠብ አድርጎ ድርቆሹን ማግባት ነው። ሦስታችንም ጠግበን እናድራለን።

በርበሬውና ሽሮው ስም ተጽፎባቸዋል። ባለቤቴ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ምን እንደሆነና ከምን እንደተሠራ በእንግሊዝኛ ጽፋለች። ኬላ ላይ ስም የሌለው ቀይ ዱቄት ከማስረዳት ይህ ይቀላል። የያዝነውን ምግብ ሁሉ ሳንጠየቅ እናሳውቃለን። ማገዶ እንጨት ይዞ ድንበር መሻገር የለም፣ ነቀዝና ተባይ ያዛምታል።

ቡናው ላይ ግን ከእናቴ ጋር ጠንከር ያለ ንግግር ነበረን። ከሰል ልትይዝ ፈልጋ ነበር፣ ጠዋት ብርድ ሲሆን ቫኑ ውስጥ ለማፍላትም ለመሞቅም። ይህን አልፈቀድኩም። ከሰል በዝግ ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሰው እንደተኛ ይቀራል። በአገራችንም ለብርዱ ብለው ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። በመኪና ውስጥ ደግሞ አየሩ ከአንድ ክፍል ያነሰ ነው። ስለዚህ ከሰል የለም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከአልጋው አጠገብ ተሰቅሏል። የጋዙ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ወለሉ አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈተልክ ታች ይተኛል። ቡና የሚቆላው ደጅ፣ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ነው። ጀበናው፣ ሲኒዎቹና ዕጣኑ ግን ይሄዳሉ። ሲኒዎቹን በፎጣ ጠቅልላ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ደርድራቸዋለች።

ደጅ ማብሰሉም ሕግ አለው። የምናልፍባት የካናዳ ግዛት ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሰደድ እሳት አደጋ ሲበረታ ደጅ እሳት ማንደድ ትከለክላለች፣ በየዕለቱ ማየት ያስፈልጋል። ድብም አለ። ተበልቶ ሲያበቃ ፍርፋሪ ሳይቀር ይጠረጋል፣ ድስት ታጥቦ ይገባል፣ ቆሻሻው ድብ በማይከፍተው ገንዳ ይጣላል።

ወረቀቱን በተመለከተ ይህንን ልብ በሉልኝ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔና ባለቤቴ ዜግነት ስላለን የአሜሪካ ፓስፖርታችን ይበቃል። እናቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት። ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ለመግባት ከካርዱ ጋር የአገሩን ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ማሳየት አለበት። ቪዛ አይጠየቅም፣ ፓስፖርቱ ግን የግድ ነው። ስንቶቻችን የኢትዮጵያ ፓስፖርታችንን አሜሪካ ከገባን ወዲህ ከሻንጣ ሥር ረስተነዋል? የእናቴን ገና በክረምቱ ብርድ ለእድሳት አስገባን፣ አሁን እጃችን ላይ ነው። ጠጥቶ በመንዳት የተከሰሰ ሰው አብሯችሁ ካለም አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ካናዳ በዚያ ምክንያት ከድንበር ትመልሳለች።

ከመኪናው ኢንሹራንስ ለካናዳ የሚያገለግለውን ካርድ ጠይቀን ወሰድን። ለእናቴ የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ ገዛን፣ መድኃኒቶቿ በየራሳቸው ጠርሙስ ከነስማቸው ይሄዳሉ። ባለቤቴ ቁልፏ ላይ የምታንጠለጥለው ለሌባ የሚረጭ በርበሬ ቤት ይቀራል፣ ካናዳ ውስጥ የተከለከለ መሣሪያ ነው። ለድብ ተብሎ የተሠራውና ስሙ የተጻፈበት ግን ይፈቀዳል።

ስለ መንገዱ ራሱ ሳነብ ብዙ አመሸሁ። የአላስካ ሀይዌይ ካናዳ ውስጥ ካለችው ዶውሰን ክሪክ ተነስቶ አላስካ ውስጥ ዴልታ ጃንክሽን ላይ ያበቃል፣ 2,200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጃፓን በዲሴምበር 1941 ፐርል ሃርበርን ስትመታ አላስካ በየብስ የሚደረስባት አልነበረችም። የአሜሪካ ጦር በማርች 1942 ሥራውን ጀምሮ በኦክቶበር መጨረሻ ሁለቱን ጫፍ አገናኘ። ከ10,000 በላይ ወታደር ነበር፣ ሲሶው ገደማ ጥቁር አሜሪካዊ። ጦሩ በዘር የተለያየበት ዘመን ስለነበር 93ኛው፣ 95ኛውና 97ኛው የመሐንዲስ ሬጅመንቶች የጥቁሮች ነበሩ። ብዙዎቹ ከደቡብ ግዛቶች የመጡ፣ እንዲህ ያለ ብርድ አይተው የማያውቁ ናቸው። 95ኛው የሲካኒ ቺፍ ወንዝን የእንጨት ድልድይ በሦስት ቀን ገደማ አቆመ። ቢቨር ክሪክ አጠገብ ከሰሜን የ97ኛው ኮርፖራል ሪፋይንስ ሲምስ፣ ከደቡብ ነጩ ወታደር አልፍሬድ ጃሉፍካ በቡልዶዘሮቻቸው ጫካውን ጥሰው ፊት ለፊት ተገናኙ። ለእናቴ ስነግራት "ማታ ምን ለብሰው ያድሩ ነበር?" አለችኝ። ድንኳን ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ዝም ብላ ቆየችና "ስማቸው የተጻፈበት ቦታ ካለ አቁምልኝ" አለች። ሲካኒ ላይ እንቆማለን።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ግን ቀላል አይደለም። ከፎርት ኔልሰን እስከ ዋትሰን ሌክ 500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ በመሐል ማደያ ቢኖርም ጥቂት ነው። ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን፣ እንሞላለን። ስልክ ረጅም ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን ቀድመን አውርደናል፣ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያም ይዘናል። ከዲስትራክሽን ቤይ አልፎ እስከ ቢቨር ክሪክ ከአስፋልቱ ሥር ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። የላይኛው በረዶ ሲቀልጥና መልሶ ሲጠጥር መንገዱ ያብጣል፣ ይሰምጣል። በዝግታ መሄድ ነው። በሊያርድ ወንዝ አካባቢ ጎሾች መንገዱ መሐል ይቆማሉ፣ ስለዚህ አመሻሽ ላይ አንነዳም። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ መውረድ ይገባል። ይህንን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ በወጣትነቷ በጭነት መኪና ዓባይ በረሃን ስትወርድ ሾፌሩ ሲያደርግ ያየችውን።

የቀረው መስኮቱ ነው። በጁን መጨረሻ ፌርባንክስ ላይ ፀሐይ 22 ሰዓት ገደማ አትጠልቅም፣ ሰው ካልጨለመለት አይተኛም። እናቴ በአንድ በኩል ጥቁር ጨርቅ፣ በሌላ በኩል ብርማ ፎይል ያለው መሸፈኛ ለየመስኮቱ እየሰፋች ነው፣ ጠርዙ ላይ ማግኔት አለው፣ ከቆርቆሮው ጋር ጥብቅ ይላል። ወባ አያስይዝም እንጂ ትንኙ ብዙ ነው፣ ለበሩ መረብ ተሠርቷል።

ቅዳሜ ውሃውንም ስንቁንም ጭነን፣ ሦስታችንም ገብተን ዳግም ሚዛን ላይ እንወጣለን። ቁጥሩ ከተለጠፈው ካለፈ የሚወርደው የእኔ ዕቃ ነው፣ ተነጋግረናል። ሰኞ ጠዋት በሱማስ ኬላ እንሻገራለን፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ሆፕ ከተማ እናድራለን። በዚህ መንገድ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ከፎርት ኔልሰን በኋላ ለአዛውንት የሚመች፣ መጸዳጃው ቅርብ የሆነ ማደሪያ የትኛው እንደሆነ ብትነግሩኝ ውለታ ነው።