የአጎቴ ብርጌድ ስንተኛው ነበር?

ባለፈው ሳምንት ለጓደኞቼ አንድ ፎቶ ላክሁ። እኔ አለሁ፣ ከኋላዬ ጫካ፣ አጠገቤ ድንጋይ። ጥያቄው ወዲያው ዘነበ። «የማን ሐውልት ነው? ሰውየው የታለ?» አንዱማ «ድንጋይ ለማየት ነው እንዴ አሜሪካ የሄድከው?» አለኝ። ልመልስለት ጀመርኩና ረዘመብኝ። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

ቦታው ጌቲስበርግ ነው፣ ፔንስልቬንያ። ከምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ በፍሬድሪክ አድርጎ አንድ ሰዓት ተኩል ቢነዳ ነው። አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲዋጉ፣ በፈረንጆቹ 1863፣ ከጁላይ 1 እስከ 3 እዚህ ሜዳ ላይ ተፋጁ። በሦስት ቀን ውስጥ የሞተው፣ የቆሰለው፣ የተማረከውና የጠፋው ከሁለቱም ወገን ሲደመር ወደ 50 ሺህ ይጠጋል። ዛሬ ሜዳው በሐውልትና በምልክት ድንጋይ ተሞልቷል፤ ከ1,300 ያላነሰ ነው ይላሉ።

የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ የሚሺጋን ልጅ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልደረባችንም አብራን ነበረች። ሦስታችንም አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምንሠራው።

ፎቶው ላይ ያለው ድንጋይ ሰው የለበትም፣ ፈረስም የለበትም። አራት ማዕዘን ግራናይት ነው፣ ፊቱ ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለው። የሰሜኑ ጦር የአንድ እግረኛ ብርጌድ ምልክት ነው። «የብረት ብርጌድ» ይባላል። ሦስት ሬጅመንት (ከብርጌድ ያነሰ የጦር ክፍል) ከዊስኮንሲን፣ አንድ ከኢንዲያና፣ አንድ ከሚሺጋን። ጥቁር ባርኔጣ ስለሚያደርጉ ጠላት ከሩቅ ያውቃቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት እዚህ ጫካ ውስጥ ገቡ። ብርጌዱ ያለበት ትልቁ የጦር ክፍል (ኮር) አዛዥ ጄኔራል ሬይኖልድስም እዚሁ ተመቶ ወደቀ። ሰሌዳው ይህን ሁሉ ጀግንነት አያወራም። የት ቆሙ፣ መቼ አፈገፈጉ፣ ስንት ሰው ጎደለ፣ በቃ። ታች ጥግ ላይ ቁጥሩ አለ። ሲደመር የሞተ 171፣ የቆሰለ 720፣ የተማረከና የጠፋ 262። ወደ 1,800 ሰው ገብቶ 1,153 ጎደለ። ነሐሱ ፀሐይ በልቶት ይፋጃል። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አሳረፍኩና ቶሎ አነሳሁ።

ባልደረባዬ «24ኛው ሚሺጋን» የሚለውን አሳየኝ። «የአያቴ አያት እዚህ ነበር» አለ። ስሙን፣ የገባበትን ወር፣ ጥይቷ የመታችውን ትከሻ ሳይቀር ነገረኝ። እኔም ልቤ ሞላና «የኔም አጎት እግረኛ ነበር፤ በኛ የእርስ በርስ ጦርነት ነው የቀረው» አልኩት። ፊቱ በራ። «የትኛው ብርጌድ?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«የት ግንባር?» ሰሜን። «ሰሜን የት?» ኤርትራ። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» እሱንም በግምት ነው የማውቀው። አሹፎብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ከልቡ ነው የጠየቀው፣ እንደ ዘመድ። ሰውየው ከ160 ዓመት በፊት የነበረ የአያቱን አያት ያውቃል። እኔ ከእናቴ ጋር አንድ ሞሰብ የበላውን አጎቴን አላውቀውም። ብዙ ነገር ችያለሁ እዚህ አገር፤ የሌሊት ሥራውንም፣ ብርዱንም። እንደዛን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

ትንሽ ራቅ ብሎ መሠረታቸው ክብ የሆነ ድንጋዮች አሉ። ክቡ የደቡቡ ጦር ብርጌድ ነው፣ የተሸነፈው። የአሸናፊው አራት ማዕዘን ነው። ጥቁሯ ባልደረባችን እዛ ጋ ስንደርስ መኪናው ውስጥ ቀረች። «እነዚህ የኔን ዘሮች በሰንሰለት ለማቆየት ነው የሞቱት። ቁጥራቸው ይጻፍ፣ እኔ ግን አልሳለምም» አለች። እውነቷን ነው። አሜሪካኖች ይህን ሜዳ ሲያስጎበኙ ሁሉም ጀግና ይመስላል፤ ጦርነቱ በባርነት ምክንያት እንደመጣ የሚረሳው ብዙ ነው። ቢሆንም ማን የት እንደወደቀ ጽፈውታል።

እኛስ? በዓድዋ እንኮራለን፣ ይገባናልም። አዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ጋ ሄዳችሁ ከሆነ በኦጋዴን የወደቁትን ኩባውያን ፎቶ አይታችኋል። በመጋቢት 1980 የደርግ ጦር ናደው ዕዝ ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ሲፈርስ የወደቀው የገበሬ ልጅ ግን ድንጋዩ የታለ? ተዝካር እናወጣለን፣ ድንኳን እንጥላለን፣ ሙሾ እናወርዳለን። ወረቀት ላይ ግን ሰነፎች ነን። አያቴ ስለ ልጇ መርዶ የነገራት ስላልነበረ እርሟን ሳታወጣ ሞተች። በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳ ነበር።

እዛው ቆሜ ለእማዬ ደወልኩ። አገር ቤት መሽቷል፣ አንድ ሰዓት ገደማ። «እማዬ፣ ወንድምሽ ስንተኛ ብርጌድ ነበር?» ዝም አለች። ከዚያ «ምን ነካህ ልጄ? በሠላሳ ምናምን ዓመቱ ዛሬ ጠየቅኸኝ?» አለችና ድምፅዋ ተቀየረ።

ልትመጡ ሻንጣ የምታዘጋጁ ልጆች፣ ይህን ስሙኝ። በርበሬውና ሽሮው እዚህ ሞልቷል። እዚህ የሌለው የእናንተ ሰው ታሪክ ነው። ሳትመጡ እናታችሁ ጎን ተቀመጡ፣ ድምፅዋን በስልካችሁ ቅዱ። የሞተውን ሰው ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ የዘመተበትን ዓመት፣ የጦር ክፍሉን ጠይቁ። ሳጥን አስከፍቱ። ያለው ወረቀት ሁሉ ፊትና ጀርባው ፎቶ ይነሳ። ከዚህ ደውሎ መጠየቅ አይሆንም፤ በስልክ ሰው «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የሚለው። ደግሞ እዚህ ስትመጡ የሚጠይቃችሁ ፈረንጅ አይጠፋም፤ ነገ ደግሞ የገዛ ልጃችሁ ይጠይቃችኋል።

ትናንት እህቴ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። እማዬ ከሳጥኑ ሥር፣ ከአያቴ ነጠላ ጋር ተጠቅልሎ ያገኘችው ፖስታ ነው። ከላይ የአያቴ ስም አለ። ከጀርባው በሰማያዊ እስክርቢቶ የላኪ አድራሻ፦ የአጎቴ ስም፣ ከሥሩ «ብርጌድ» የሚል ቃል፣ ከፊቱ ሁለት አኃዝ። የመጀመሪያው 8 ነው። ሁለተኛው ላይ ውሃ ፈሶበታል፤ 3 ይሁን 5 አልለይም። አጉልቼ አጉልቼ እያየሁ አደርኩ። አጎታችሁ ወይ አባታችሁ በሰማንያ ሦስተኛ ወይም በሰማንያ አምስተኛ ብርጌድ የነበረ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።